ከያኒውን በገዛ ምድሩ መደገፍ፦ ለነባር ሕዝቦች ጀማሪ ከያንያን ፌሎሺፕ ለሚያዘጋጁ ሰዎች የቀረበ መመሪያ

ለነባር ሕዝቦች ጀማሪ ከያንያን ፌሎሺፕ ለማቋቋም የሚነሣ ድርጅት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነጋገረው ስለ ገንዘቡ መጠን፣ ስለ ማመልከቻው ቅጽና ስለ ማስታወቂያው ነው። ሦስቱም ቦታ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁሉም በፊት መልስ የሚያሻው ጥያቄ ሌላ ነው። ከያኒው የሚኖርበት ምድር በሥራው ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ቅርጫት ሠሪዋ ዛፉን የምታስቆርጠው ከየትኛው ጫካ ነው? ሸማኔዋ ሱፉን የምታገኘው ከማን መንጋ ነው? ዜመኛው ቃሉን የሚማረው ከየትኛው አዛውንት ነው፣ አዛውንቱስ የሚኖሩት የት ነው? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ገንዘብ፣ የሰጪው ሐሳብ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከያኒውን ከምድሩ ነቅሎ በሩቅ ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያስቀምጥ ይሆናል። ስድስት ወር ቆይቶ ሲመለስም ልጥ የሚላጥበት ወቅት አልፎ፣ በጎቹ ተሸልተው፣ አዛውንቱም በስድስት ወር አርጅተው ይጠብቁታል።

ይህ መመሪያ ለፋውንዴሽኖች፣ ለጥበብ ማኅበራት፣ ለቤተ መዘክሮችና ለነባር ሕዝቦች ለራሳቸው ምክር ቤቶች የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ልምዱ በሰፊው ከተሠራበት ከሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ከአውስትራሊያና በሰሜን ስካንዲኔቪያ ከሚኖረው ከሳሚ ሕዝብ ምድርም የተጨመሩ አሉ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ፌሎሺፕ ላለቀ ሥራ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ ተሠርቶ ለሚረከቡት ዕቃ የሚከፈል ዋጋም አይደለም። ከያኒው ለዕለት ጉርሱ ሲል ሊያባክነው የነበረውን ጊዜ በሙያው ላይ እንዲያውለው ማስቻል ነው። ከዚህ ውጭ የሚጠየቅ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ኤግዚቢሽኑ፣ ገለጻው፣ ፎቶግራፉና ሪፖርቱ፣ ከዚያው ጊዜ ላይ የሚቀነስ መሆኑን አዘጋጁ ሊዘነጋ አይገባም።

የትኛው ምድር?

“የአባቶች ምድር” የሚለው ሐረግ በጽሑፍ ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን ይዟል፤ የፌሎሺፑም አሠራር እንደየሁኔታው መለየት አለበት።

አንዳንድ ሕዝቦች ዛሬም በአባቶቻቸው ምድር ላይ ወይም ከእርሱ በተረፈው ክፍል ላይ ይኖራሉ። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት ናቫሆዎች በ1864 በወታደር ታጅበው በግዳጅ በእግር ከተጋዙ በኋላ በ1868 በተፈረመው ውል ወደ ምድራቸው፣ ሙሉውን ባይሆንም፣ ተመልሰዋል። ለናቫሆ ሸማኔ የሚሰጥ ድጋፍ እዚያው ቤቷ ድረስ ሊሄድላት ይችላል። ሌሎቹ ደግሞ ከምድራቸው ሙሉ በሙሉ ርቀው የሚኖሩ ናቸው። በኒው ዮርክ ግዛት በሃድሰን ወንዝ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት የሞሂካን ሕዝቦች ተወላጆች፣ የስቶክብሪጅ መንሲ ማኅበረሰብ፣ በተደጋጋሚ ከተፈናቀሉ በኋላ ዛሬ መቀመጫቸው ዊስኮንሲን ነው። በዚያው በሃድሰን ሸለቆ፣ በሞሂካኖች ጥንታዊ ምድር ላይ በ2021 የተቋቋመው ፎርጅ ፕሮጀክት ለነባር ሕዝቦች ከያንያን የሚሰጠውን ፌሎሺፕ ሲጀምር ለእያንዳንዱ 25,000 ዶላርና በቦታው ተገኝቶ የመቆየት ዕድል ሰጥቷል። ከምድሩ ለተነቀለ ሕዝብ ልጅ የአያቶቹን ወንዝ ማየት ራሱ የሥራው አካል ነው፤ ስለዚህ የጉዞና የማረፊያ ወጪው ከዋናው ድጎማ ተቀንሶ የሚከፈል መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ሁኔታ በብዛት የሚዘነጋው ነው። በዩናይትድ ስቴትስ አብዛኞቹ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች የሚኖሩት ሪዘርቬሽን ተብሎ ከተከለለው መሬት ውጭ፣ በከተሞች ውስጥ ጭምር ነው። አዘጋጁ “በምድሩ ላይ የሚኖር” የሚል ጠባብ መስፈርት ካወጣ፣ አያቶቻቸው በመንግሥት ፖሊሲ ምክንያት ወደ ከተማ የሄዱባቸውን ልጆች ለሁለተኛ ጊዜ ማግለሉ ነው። ይልቁንስ “ሥራዎ ከየትኛው ምድር ጋር ይያያዛል፣ በፌሎሺፑ ዘመን ወደዚያ እንዴትና መቼ ይመላለሳሉ?” ብሎ መጠየቅ ይበጃል። በዓመት አራት ጊዜ ለሦስት ለሦስት ሳምንት ወደ አክስቷ ቤት የምትመለስ ከያኒት በምድሯ ላይ እየሠራች ነው ቢባል ስሕተት የለውም።

ምድሩ ዛሬ በሌላ ሰው ወይም በመንግሥት እጅ ከሆነ ቅርፊት ለመላጥ፣ ሣር ለማጨድ ወይም ሸክላ አፈር ለመቆፈር ፈቃድ ያስፈልጋል። ያንን ፈቃድ ማፈላለግ የአዘጋጁ ሥራ ቢሆን እመርጣለሁ። የደን መሥሪያ ቤትና የግል ባለመሬት ለአንድ ጀማሪ ከያኒ የማይከፍቱትን በር የድርጅት ማኅተም ላለበት ደብዳቤ ይከፍታሉና።

የምድሩ የቀን መቁጠሪያ

የፌሎሺፑ መጀመሪያና መጨረሻ በድርጅቱ የበጀት ዓመት መወሰኑ የተለመደ ነው፤ ብዙ መልካም ዕቅድ የሚበላሸውም በዚሁ ነው። በሰሜን ምዕራብ ፓሲፊክ ጠረፍ የሚኖሩ ሸማኞች የሴዳር ዛፍ ልጥ የሚልጡት በዚያ አገር ጸደይ መጨረሻና በበጋው መጀመሪያ፣ በጁን ገደማ፣ በዛፉ ውስጥ ፈሳሹ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጡ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅም ይላል። የተላጠውም ለሽመና ከመዋሉ በፊት ብዙ ጊዜ ለወራት ተቀምጦ መድረቅ አለበት። በሴፕቴምበር ተጀምሮ በሜይ የሚያልቅ ፌሎሺፕ ለእንዲህ ዓይነት ሸማኔ ምን ይጠቅማታል? ልጥ በሚላጥበት ጊዜ ገንዘቡ አልቋል፤ ገንዘቡ ባለበት ጊዜ ልጡ የለም። በሰሜን ስካንዲኔቪያ አጋዘን አርቢ የሆኑት ሳሚዎች ደግሞ ዓመቱን በስምንት ወቅቶች ይከፍሉታል። ግልገል በሚወለድበትና መንጋው በሚሰበሰብበት ወቅት አርቢ የሆነ ከያኒ ለስብሰባም፣ ለስልክም፣ ለሪፖርትም አይገኝም። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ለሚሠራ ሰው ሪፖርቱን በኦገስት ማስረከቢያ ማድረግ፣ ከ1922 ጀምሮ ሲካሄድ በኖረው የሳንታ ፌ የነባር ሕዝቦች የጥበብ ገበያ ጋር ማጋጨት ነው፤ ለብዙ ከያንያን የዓመቱ ገቢ ትልቁ ክፍል የሚገኘው ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ነውና።

መፍትሔው አያስቸግርም። የፌሎሺፑን ርዝመት ከ12 እስከ 18 ወር ያድርጉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ግን ከያኒው ራሱ ይምረጥ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መክፈቻ ሥነ ሥርዓት ማድረግ ለድርጅቱ ፎቶግራፍ ያምራል እንጂ ለሥራው አይጠቅምም።

ምድርና ጊዜ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ለማየት አንድ ቅርጫት ከምን እንደሚሠራ በቅርበት መመልከት ይበቃል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ግዛት የዋባናኪ ሕዝቦች፣ ማለትም ፔኖብስኮት፣ ፓሳማኳዲ፣ ማሊሲትና ሚክማክ፣ ቅርጫት የሚሠሩት ጥቁር አሽ ከሚባል ረግረግ ወዳድ ዛፍ ነው። ሥራው የሚጀምረው በመፈለግ ነው። ዛፉ ቀጥ ያለ፣ ያልተጠመዘዘ፣ ቅርንጫፉ ከፍ ብሎ የሚጀምርና አንጓ የሌለበት መሆን ስላለበት፣ ዐዋቂው ሰው ቀኑን ሙሉ በረግረግ ውስጥ ሲመላለስ ውሎ አንድ እንኳ ሳይቆርጥ ሊመለስ ይችላል። የተገኘው ተቆርጦ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ግንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመጥረቢያ ጀርባ ይቀጠቀጣል፤ ምቱ ሳይዘል፣ በተከታታይ፣ አንዱ የሌላውን ጠርዝ እየነካ። በጸደይ ያደገው ስስ የእንጨት ሽፋን በምቱ ሲደቅ፣ የዕድገት ቀለበቶቹ እርስ በርሳቸው ተላቅቀው እንደ ረጅም ጥብጣብ ይነሣሉ። ጥብጣቡ እንደገና ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ውስጡ እንደ ሐር ልስልስ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ይፋቃል፣ በእኩል ስፋት ይተለተላል፣ ሽመናው የሚጀምረው ገና ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ሳያይ “ስንት ቅርጫት በዓመት?” ብሎ የሚጠይቅ አዘጋጅ ስለ ሥራው ግማሽ ምንም አያውቅም።

ይኸው ዛፍ አሁን በአደጋ ላይ ነው። ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 በሚሺጋን ታየ፤ በ2018 ሜይን ደረሰ። የጥንዚዛው እጭ ከቅርፊቱ ሥር እየበላ የዛፉን መመገቢያ መስመር ስለሚቆርጠው ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል። በ1993 የተመሠረተው የሜይን ነባር ሕዝቦች ቅርጫት ሠሪዎች ማኅበር ሙያው ወደ ወጣቶች እንዲተላለፍ ሲሠራ ቆይቷል፤ የፓሳማኳዲው ጄረሚ ፍሬይ ቅርጫቶች በ2024 በፖርትላንድ የጥበብ ሙዚየም ለብቻቸው የቀረቡትም በዚህ ትውልድ ልፋት መካከል ነው። ፌሎሺፕ ለሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የበጀት ትምህርት ነው። “የቁሳቁስ ወጪ” የሚለው ዓምድ ዛሬ ስንጥር ለመግዛት ብቻ ሳይሆን ነገ ስንጥር እንዲኖር ለማድረግም መዋል አለበት፤ ዘር መሰብሰብ፣ ጤነኛውን ዛፍ ጥንዚዛው ሳይደርስ ቆርጦ ማከማቸት፣ የጫካ ባለሙያ ማማከር ሁሉ በዚያ ውስጥ ይግቡ።

የናቫሆ ሸማኔዎችም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ቹሮ የሚባለው በግ ረጅምና ቅባት ያልበዛበት ሱፍ ስላለው ለሽመናቸው ተስማሚ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የግጦሽ መሬት ተራቆተ በማለት መንጋውን በግዳጅ ሲያስቀንስ ዝርያው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ዛሬ አንዲት ጀማሪ ሸማኔ በበጀቷ ላይ “ሁለት እንስት በግ” ብላ ብትጽፍ የብዙ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውድቅ ያደርግባታል። ደንቡን ስትጽፉ ይህንን አስቡ፤ በግ ለእርሷ ቀለምና ሸራ ነው።

ማን ይመለከተዋል?

“ጀማሪ” እና “ወጣት” አንድ አይደሉም። ቋንቋዋን መናገር በተከለከለችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ልጅነቷን ያሳለፈች ሴት የእናቷን ሙያ በ55 ዓመቷ ልትጀምር ትችላለች። የዕድሜ ጣሪያ ካስቀመጣችሁ ይህች ሴት ከደጅ ትቀራለች፤ ስለዚህ መስፈርቱ በሙያው ላይ የቆየችበት ዘመንና ከዚህ በፊት ያገኘችው ድጋፍ መጠን ቢሆን ይሻላል።

የማንነት ማረጋገጫ ከዚህ የከበደ ነው። በአሜሪካ በ1990 የወጣው የነባር ሕዝቦች የጥበብና የእደ ጥበብ ሕግ ነባር ሕዝብ ያልሠራውን “የእነርሱ ሥራ ነው” ብሎ መሸጥን በወንጀል ያስቀጣል፤ ለመጀመሪያ ጥፋት አንድ ግለሰብ እስከ 250,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 5 ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል። ሕጉ ከያኒ ብሎ የሚቀበለው በፌዴራል ወይም በግዛት መንግሥት ዕውቅና ያለው ሕዝብ አባል የሆነውን ወይም በዚያ ሕዝብ በእደ ጥበብ ባለሙያነት የተመሰከረለትን ነው። የምስክር ወረቀቱ አማራጭ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በአባልነት መዝገብ ላይ ያልሰፈሩ ነገር ግን ሕዝባቸው የሚያውቃቸው ሰዎች የሚገቡበት መንገድ ስለሆነ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ዕውቅና ያላገኙ ሕዝቦችም አሉና ከአዛውንቶች ጉባኤ የተሰጠ ደብዳቤን የሚቀበል አንቀጽ ቢኖር መልካም ነው። የማያከራክረው መርህ ማንነትን የሚመሰክረው ሕዝቡ እንጂ ድርጅቱ እንዳልሆነ ነው። የደም መጠን በክፍልፋይ የሚጠይቅ ቅጽ፣ የማንም ይሁን፣ ከፌሎሺፕ ውስጥ መውጣት ይኖርበታል።

ማመልከቻውና ምርጫው

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ይሠራሉ፣ ከማንና ከየት ተማሩት፣ በዚህ ዓመት ምን መማር ወይም መሥራት ይፈልጋሉ። መልሱን በጽሑፍ፣ በድምፅ ቅጂ ወይም በስልክ ቃለ ምልልስ፣ በራሳቸውም ቋንቋ መስጠት እንዲችሉ ይፈቀድ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ሰፈር የሚኖር አመልካች በድረ ገጽ ብቻ የሚቀበል ቅጽ ሲገጥመው በችሎታው ሳይሆን በመስመሩ ተሸንፎ ይቀራል። የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅም የዩኒቨርሲቲ መምህርና የጋለሪ ባለቤት ብቻ እንደ መስካሪ አይቆጠሩ፤ የአክስቲቱ ወይም የመንደሩ ዘፈን መሪ የአምስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ነው።

የሥራ ናሙና ስትጠይቁ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፎቶግራፍ ሊነሡ የማይገባቸው ሥራዎች አሉ። አመልካቹ “ይህን ማሳየት አልችልም” ብሎ ምክንያቱን ቢጽፍ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም፤ እንዲያውም የሕዝቡን ሥርዓት የሚያከብር ሰው መሆኑን ያሳያል።

መራጮቹ በአብዛኛው ከነባር ሕዝቦች የተውጣጡ ይሁኑ፤ ለጊዜያቸውም ይከፈላቸው። አንድ ሰሜናዊ ቀራጭ ስለ ደቡብ ምዕራብ ሸክላ እንዲፈርድ መጠየቅ፣ ሁሉም “ነባር” ስለተባሉ አንድ እንደሆኑ መቁጠር ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ብቻ በፌዴራል መንግሥት የታወቁት ሕዝቦች ከ570 በላይ ናቸውና መራጮች የማያውቁት ሙያ ሲቀርብ ከዚያው ሕዝብ ዐዋቂ የሚጠሩበት አሠራር ያስፈልጋል። ላልተመረጡትም ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር አስተያየት መላክ አይቅር፤ ጀማሪ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የሚያመለክተው ለምን እንደቀረ ሲያውቅ ነው።

ስለ ገንዘቡ

ገንዘቡ ያለ ደረሰኝ ቁጥጥር፣ ለኑሮም ለሥራም የሚውል ሆኖ ቢሰጥ ይመረጣል። ሆኖም ከያኒው ራሱ እንዲያቅደው የሚረዳው ምሳሌ ማቅረቡ ጠቃሚ ነው። ድጎማው 20,000 ዶላር ነው እንበል። አንዲት ሁለት ልጆች ያሏት ሸማኔ 11,000ውን ለኑሮ፣ 3,000ውን ለሚያስተምሯት አዛውንት፣ 2,500ውን ለቁሳቁስ፣ 2,000ውን ለነዳጅና ለጉዞ፣ 1,500ውን ለልጆች ሞግዚት ልታደርገው ትችላለች። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አዘጋጆች አብዝተው የሚዘሉት የአዛውንቷን ክፍያ ነው። እውቀት በነጻ የሚሰጥበት ባህል ያላቸው ሕዝቦች ቢኖሩም ከሩቅ የመጣ ድርጅት ያንን ልግስና እንደ መብት ሊቆጥረው አይገባም፤ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሁን፣ በማገዶ ወይም በቤት ጥገና፣ አዛውንቷ ይምረጡ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚደርስበት ነጥብ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ለዲግሪ ትምህርት ያልሆነ ፌሎሺፕ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። ከዚህ የከፋው ግን በማኅበራዊ እርዳታ ላይ የሚያመጣው ውጤት ነው። ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ ለነጠላ ሰው የሚፈቅደው የሀብት ጣሪያ 2,000 ዶላር ብቻ ነው። ወሩ ሲገባ በባንክ ሒሳቡ ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው ድጎማውን፣ አንዳንድ ጊዜም ከእርሱ ጋር የተያያዘውን የሕክምና ሽፋን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከያኒው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ከግብርና ከእርዳታ ሕግ ዐዋቂ ጋር አንድ ሰዓት እንዲነጋገር አድርጉ፣ ወጪውን ድርጅቱ ይሸፍን፤ ክፍያውም በአንድ ጊዜ፣ በየሦስት ወሩ ወይም በየወሩ ይሁን የሚለውን ከያኒው ይወስን። ገንዘብ ሰጥቶ ሰውን ከሕክምናው ማፈናቀል ማንም የማይፈልገው ነገር ሲሆን ይህንን ባለመጠየቅ ብቻ ሊደርስ ይችላል።

የሕግ ነገር ከተነሣ፣ ስለ እንስሳት ውጤቶችም ቃል ልጨምር። በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ በጠረፍ የሚኖሩ የአላስካ ነባር ሕዝቦች አድነው እደ ጥበብ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ የዝሆን ጥርስ ንግድን ለመግታት አንዳንድ ግዛቶች ያወጡት ሰፊ እገዳ የዋልረስ ጥርስ ቀራጮችንም ነክቷል። ሥራ ወደ ሌላ ግዛት ወይም ወደ ሌላ አገር ኤግዚቢሽን ከመላኩ በፊት ሕጉን ማጣራት የአዘጋጁ ኃላፊነት ተብሎ በውሉ ላይ ይጻፍ።

እውቀቱ የማን ነው?

በ1971 በአውስትራሊያ ምድረ በዳ፣ በፓፑንያ፣ የአቦርጂናል ወንዶች ከመሬት ላይና ከሰውነት ላይ የሚሥሏቸውን ምልክቶች በጣውላ ላይ መቀባት ጀመሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓፑንያ ቱላ የተባለውን የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ከመጀመሪያዎቹ ጣውላዎች አንዳንዶቹ ሥርዓቱን ያልፈጸመ ሰው ሊያያቸው የማይገቡ ምልክቶች ስለነበሩባቸው ከሕዝቡ ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሠዓሊዎቹም ምስጢራዊውን እየተዉና በነጠብጣብ እየሸፈኑ ሄዱ። ጣውላዎቹ ግን ተሽጠው ነበር፤ በቤተ መዘክሮች ውስጥ ምን ይታይ፣ ምን አይታይ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም። አንድ ጀማሪ ከያኒ በፌሎሺፕ ዓመቱ ሊገጥመው የሚችለው ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል፤ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ያሳየውን ነገር መልሶ መደበቅ አይቻልምና።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ በአንቀጽ 31 ላይ ሕዝቦቹ ባህላዊ ቅርሳቸውን፣ እውቀታቸውንና የባህል መግለጫዎቻቸውን የመያዝ፣ የመቆጣጠር፣ የመጠበቅና የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን ወደ ፌሎሺፕ ውል ስንመልሰው ጥቂት ግልጽ አንቀጾች ይሆናል። የሥራው የቅጂ መብት የከያኒው ነው። በሥራው ውስጥ ያለው የጎሣ ንድፍ፣ ዜማ ወይም ተረት የሕዝቡ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ከያኒውም ለድርጅቱ ሊያስተላልፈው አይችልም፣ ድርጅቱም አይጠይቀውም። ድርጅቱ ፎቶግራፍ ወይም ቅጂ መጠቀም ሲፈልግ ለእያንዳንዱ አጠቃቀም ለየብቻ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ለሁልጊዜ አይሆንም። ከያኒው በኋላ ዐዋቂዎችን አማክሮ “ይህ ይነሣልኝ” ካለ ድርጅቱ ሳይከራከር ያነሣል። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ የሕግ ክፍሎችን ያስፈራቸዋል፤ ቢሆንም ከሁሉም የምጸናበት እርሱ ነው።

ሽያጭን በተመለከተ ከአውስትራሊያ የሚወሰድ ሌላ አሠራር አለ። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት አንድ የሥዕል ሥራ በጥበብ ነጋዴ በኩል በ1,000 የአውስትራሊያ ዶላርና ከዚያ በላይ እንደገና ሲሸጥ 5 በመቶው ለሠዓሊው ይከፈላል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ያለ ፌሎሺፕ ድርጅቱ ራሱ በሚገዛቸው ሥራዎች ላይ ተመሳሳይ ግዴታ በውል ሊገባ ይችላል።

አገልግሎቱ ወደ ከያኒው ይሂድ

በካናዳ አርክቲክ በኪንጋይት የኢኑዊት የሕትመት ስቱዲዮ ሲደራጅ፣ የአካባቢው ሰዎች በ1959 ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ኢኑዊቷ ሠዓሊ ኬኖጁአክ አሼቫክ በ2013 እስክታርፍ ድረስ ከዚያው ምድር ሳትለቅ ስትሥል፣ ሕትመቶቿ ግን ዓለምን ዞሩ፤ በ1970 አንደኛው በካናዳ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ሰውየዋ በምድሯ፣ ሥራዋ በዓለም። ለአዘጋጅ ከዚህ የተሻለ አርአያ አላውቅም። ያ የሆነው ወረቀት፣ ቀለም፣ የሕትመት ባለሙያና የደቡብ ገበያ ወደ እርሷ በመምጣታቸው ነው።

በደቡብ ዳኮታ በራፒድ ሲቲ የሚገኘው በ1995 የተቋቋመው ፈርስት ፒፕልስ ፈንድም ከፌሎሺፖቹ ጎን በፓይን ሪጅ ሪዘርቬሽን ውስጥ የሚዘዋወር አውቶቡስ አሠማርቶ የጥበብ ማሠልጠኛና የንግድ ምክር ወደየመንደሩ አድርሷል። መንደሮቹ በተራራቁበት አገር መኪና የሌላትን ዶቃ ሠሪ በማዕከል ወደሚሰጥ ሥልጠና መጥራት እንዳለመጥራት ነው። አውቶቡስ የመግዛት አቅም ለሌለው ድርጅትም ዘዴ አይጠፋም፤ የዋጋ አተማመን፣ የሥራ ፎቶግራፍ አነሣስና የሒሳብ አያያዝ የሚያስተምር ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ከያኒው ሰፈር ሄዶ ሦስት ቀን እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል። ከሦስቱ መጀመሪያ የሚመጣው የዋጋ አተማመን ነው። ጀማሪዎች የፍለጋውን፣ የመቀጥቀጡንና የመፋቁን ቀናት ሳይቆጥሩ የሽመናውን ሰዓት ብቻ ያስባሉ፤ በዚህም ምክንያት ከኪሳቸው እየከፈሉ ይሸጣሉ።

ሪፖርትና ከዚያ በኋላ

ሪፖርቱ የአንድ ሰዓት ውይይት ይሁን፤ የድርጅቱ ሠራተኛ ይጻፈው፤ ከያኒው አንብቦ ወይም ሰምቶ ያጽድቀው። “ምን ያህል ሥራ ሠሩ?” ከሚለው ይልቅ “ከማን ምን ተማሩ፣ አሁንስ ማንን እያስተማሩ ነው?” የሚለው የተሻለ መልስ ያመጣል። ዕቅዱ ተለውጦ ከሆነ፣ ለምሳሌ አስተማሪዋ አዛውንት ዐርፈው ዓመቱ የሐዘን ዓመት ሆኖ ከሆነ፣ ገንዘቡ አይመለስም፤ ጊዜው ይራዘማል።

የተሠራው ሥራ መጀመሪያ የሚታየው በከያኒው ሕዝብ መካከል ይሁን፤ በትምህርት ቤት አዳራሽም ቢሆን፣ በአንድ ምሽትም ቢሆን። የከተማው ጋለሪ ሁለተኛ ይምጣ። በዚያ ምሽት የሚነገረው አስተያየት፣ ያልታረመ ስም፣ በስሕተት የተሠራ ጠርዝ፣ “ይህ ንድፍ የእነ እገሌ ቤተሰብ ነው” የሚል ማሳሰቢያ፣ ሥራው ከመንደሩ ሳይወጣ ሊስተካከል ይችላል፤ ስለዚህ በዝግጅቱና በጋለሪው መካከል ቢያንስ ሁለት ወር ይኑር።

በፌሎሺፑ ማግሥት ብዙ ከያንያን ወደ ባዶ ካዝና ይመለሳሉ። ከጠቅላላው በጀት አሥር በመቶውን ለቀደሙት የፌሎሺፑ ተቀባዮች አነስተኛ የቀጣይ ድጋፍ አድርጎ መለየት ይቻላል፦ ለተሰበረ መሣሪያ፣ ለሁለተኛ ዓመት ልጥ፣ ለአንድ ጉዞ። ማመልከቻው አንድ የስልክ ጥሪ፣ ውሳኔውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በሚቀጥለው ዓመት መራጮች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይም አንዱ ወንበር ባለፈው ዓመት ፌሎሺፑን ለፈጸመ ከያኒ ይያዝ፤ የአበሉ ክፍያም ከሌሎቹ መራጮች ጋር እኩል ይሁን።